ምስክሩ ሳይመረመር

ከሱዳን ዋና ከተማ እምብርት ወደ ደቡብ ጥቂት እልፍ ብሎ በሚገኘው፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ የኒም ዛፎች በየመንገዱ ዳር ጥላቸውን ዘርግተው ከፀሐይ ቃጠሎ የሚሸሸውን ሁሉ በሚያስጠጉበት፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶች ደጅ የሚወጣው የቡና ቁላትና የዕጣን ሽታ መንገደኛውን ሳይወድ በግድ አገሩን በሚያሳስበው በዚያ ስፍራ ጥቂት ዓመታት በእንግድነት ተቀምጬ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ አስፋልቱ እንደ ምጣድ በጋለበት በአንድ ቀትር፣ አሮጌዋን መኪናዬን ከጠባብ መንገድ አውጥቼ ወደ ዋናው ጎዳና ለመታጠፍ መሪውን ጥግ ድረስ ስጠመዝዝ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ። ሞተሩ ጸጥ ሲል መሪው በእጄ ላይ እንደ ድንጋይ ከበደ፤ ፍሬኑም ጠጠረ፤ ከግራ የሚመጣው የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በስንዝር ርቀት አለፈኝ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ከዚያች ቀን ጀምሮ ያየሁትና የተማርሁት ነው።

የመሪን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ይገባኛል። በመኪና የመጀመሪያ ዘመን ነጂው ጎማውን የሚያዞረው በክንዱ ጉልበት ብቻ ነበርና፣ በተለይ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ማታ ሲመለስ ሲያርስ እንደ ዋለ ገበሬ ይደክም ነበር። ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የዘይትን ግፊት ለመሪ ረዳት የሚያደርገውን መሣሪያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1926 አሳየ፤ ሆኖም ሐሳቡ ለሕዝብ በሚሸጥ የቤት መኪና ላይ የዋለው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የክራይስለር ፋብሪካ ኢምፔሪያል በተባለው መኪናው ላይ በገጠመው ጊዜ ነው። ሥራውም እንዲህ ነው፤ ሞተሩ በቺንጊያ የሚያዞረው ፓምፕ ዘይቱን በቱቦ ወደ መሪው የማርሽ ሳጥን ይገፋል፤ ነጂው መሪውን ሲያዞር ዘይቱ የጎማውን ሸክም ያግዘዋል። መሪው ጥግ ሲደርስና ጎማው ከዚያ ወዲያ አልሄድም ሲል ግን ዘይቱ መውጫ አጥቶ ግፊቱ እስከ 80 ባርና ከዚያም በላይ ይወጣል፤ ይህም በተራ የመኪና ጎማ ውስጥ ካለው የአየር ግፊት ከሠላሳ እጥፍ የሚበልጥ ነው።

ይህን ሁሉ ሸክም የሚሸከመው ሞተሩ ነው። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ሸክሙ አይሰማውም፤ ነገር ግን በዝግታ ሲታጠፍ፣ መካኒኮቻችን ሚኒሞ በሚሉት፣ በደቂቃ ከ700 እስከ 800 ዙር ብቻ በሚዞርበት የዕረፍት ሁኔታ ላይ ሳለ ሸክሙ በድንገት ቢወድቅበት ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስም ይጠፋል። ስለዚህ መሐንዲሶች በግፊት ቱቦው ላይ ከአውራ ጣት የማትበልጥ አንዲት የግፊት መለኪያ፣ ሴንሰር የምንላትን፣ አኖሩ። ሊቃውንታችን ማየትንና መስማትን፣ ማሽተትንና መቅመስን፣ መዳሰስንም አምስቱ ሕዋሳት እንደሚሏቸው፣ ይህችም የሞተሩ ሕዋስ ናት፤ የግፊቱን ከፍ ማለት ለኮምፒዩተሩ ትነግራለች፣ ኮምፒዩተሩም ነጂው ነዳጅ ሳይረግጥ ለሞተሩ አየርና ነዳጅ ጨምሮ ሚኒሞውን ያነሣዋል። ይህ ሁሉ በቅጽበት የሚፈጸም ስለ ሆነ፣ ደኅና በሆነች ጊዜ መኖሯን የሚያስታውስ የለም።

በካርቱም ግን ይህች ሕዋስ ስትታመም ጉዳቱ እንደ አዲስ አበባ ቀላል አይደለም። በዚያ ከተማ የመኪናውን ማቀዝቀዣ ሳያበሩ በቀትር መንዳት የማይታሰብ ነውና፣ ሞተሩ ገና መሪው ሳይዞር የማቀዝቀዣውን ፓምፕ ተሸክሞ ይቃትታል፤ በዚያ ላይ የመሪው ሸክም ሳይነገረው ሲመጣበት ይሞታል። ሞተሩ ሲሞት ደግሞ የመሪውም የፍሬኑም እገዛ አብሮ ይሄዳል፤ እኔን በጎዳናው መካከል ያገኘኝ ይህ ነው። ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ አውሎ ነፋስ በተነሣ ጊዜም ደቃቁ አቧራ በየሶኬቱ ቀዳዳ ይገባል፤ ሙቀቱ ላስቲኩን ያደርቃል፤ የሽቦውን ልባስ ያጠጥረውና ያሰነጥቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። የዛሬ መኪናዎች ሕመማቸውን ራሳቸው ይናገራሉ፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ማናቸውም ፋብሪካ የሠራው የቤት መኪና የሚናገርበት ቋንቋ አንድ እንዲሆን በሕግ ታዝዞ፣ ኋላም አውሮፓና ሌላው ዓለም ተከትሎ፣ መካኒኩ መመርመሪያውን ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ሰክቶ የጥፋቱን ቁጥር ያነባል። የመሪው ግፊት መለኪያ ቁጥሮች ከፒ 0550 እስከ ፒ 0554 ያሉት ናቸው። ፊተኛው በመስመሩ ላይ ጥፋት አለ ይላል፤ ሁለተኛው የሚነገረው ልክ ከሚጠበቀው ወጥቷል ይላል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ቃሉ ከመጠን በታች ወይም ከመጠን በላይ መሆኑን ያስታውቃሉ፤ አምስተኛው፣ ፒ 0554፣ ጥፋቱ የሚመጣና የሚሄድ መሆኑን ይነግራል። ልብ ይባልልኝ፤ ከነዚህ አንዱ እንኳ ሴንሰሯ ተበላሽታለችና ቀይሯት አይልም። ቁጥሩ ኮምፒዩተሩ የሰማውን ይመሰክራል እንጂ ከሽቦው ማዶ ያለውን አላየም። አንድ ምስክር ብቻውን ለፍርድ እንደማይበቃ የኦሪት ሕግ ያዘዘውን፣ ፍትሐ ነገሥትም የምስክርን ነገር በብዙ ጥንቃቄ የደነገገውን እኛ እያወቅን፣ በጋራዥ ደጅ ስንደርስ እንረሳዋለን።

መኪናዬን ያስገባሁበት የመጀመሪያው ጋራዥ ማን እንደ ሆነ ልናገር አልሻም፤ እንደ እርሱ ያለ በየከተማው አለና። ወጣቱ ሠራተኛ መመርመሪያውን ሰካ፣ ቁጥሩን አነበበ፣ ሴንሰር ነው አለ፣ ኮፈኑንም ገና ሳይከፍት ዋጋ ነገረኝ። ሴንሰሯ ተቀየረች፤ ከመሪው ፊት የበራው የማስጠንቀቂያ መብራት ጠፋ፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ በራ። እንግዲያው ፓምፑ ነው ተባለ፤ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ፓምፕ ተገዝቶ ተገጠመ፤ መብራቱ አንድ ሳምንት ታግሦ ተመልሶ በራ። በሦስተኛው ጊዜ የቀረው ኮምፒዩተሩ ብቻ ነው ብለው ዋጋውን ሲነግሩኝ፣ የሁለት ወር ኪራዬን የሚበላ ነበርና ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። ልጆቹን ሌቦች ናቸው ብዬ አላማቸውም፤ የሚያደርጉትን በቅን ልብ ያደርጉት ነበር፤ ጥፋታቸው ጠቋሚውን ፈራጅ ማድረጋቸው ነው።

በአገራችን ቀድሞ ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ገንዘብ የተሰረቀበት ሰው ባለሥልጣኑን ሲያመለክት፣ ለአንድ ብላቴና ከወተት ጋር የተደባለቀ መድኃኒት ያጠጡት ነበር፤ ብላቴናውም አእምሮው እየዞረ፣ በወገቡ የታሰረውን መቀነት ሌላው ይዞለት፣ በመንደሩ ውስጥ ይንገዳገድና የገባበት ቤት፣ የወደቀበትም አልጋ፣ ባለቤቱ ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍል ነበር። ያ ሥርዓት ንጹሐንን እንደሚያስቀጣ ታይቶ ተሻረ። እኔ ግን መመርመሪያውን ሰክቶ ቁጥሩ የወደቀበትን ዕቃ የሚነቅል መካኒክ ባየሁ ቁጥር ያ ብላቴና በዓይኔ ላይ ይመጣል፤ ዕዳ ከፋዩም አሁን ድረስ ያው ምስኪን ባለቤት ነው።

ካርቱም ሁለት ውስጥ ከምኖርበት ቤት ሦስት መንገድ አልፎ፣ ከአንድ ግቢ አጥር ሥር በሸራ ጥላ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። በልጅነታቸው በጎንደር የቆሎ ተማሪ ሆነው ከየኔታ እግር ሥር የተቀመጡ፣ በወጣትነታቸው በአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ሙያ የተማሩ፣ በደርግ ዘመን በመተማ በኩል ተሰድደው ሱዳን የገቡ ናቸው፤ ሱዳናውያኑ ኡስታ ይሏቸዋል፣ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። የሆነውን ሁሉ ከነገርኋቸው በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የቁጥሩ ነበር። ፒ 0554 እንደ ሆነ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ የሞተ ዕቃ ሞቶ ይቀራል፤ ይህ ግን የሚመጣና የሚሄድ ነው እያለህ ነው» አሉኝ። «ደግሞስ ሞተሩ እየሠራ መሪው ይከብድህ ነበር?»

«አይ ጋሼ፣ ሞተሩ ካልጠፋ ቀላል ነው።»

«እንግዲያ ፓምፑ ምን በደለ?»

መኪናዋን በጥላው ሥር አስቁመው የሠሩት ሥራ እንደ አንድምታ ትርጓሜ ነበር ብል ከልክ ያለፈ አይመስለኝም። የትርጓሜ መምህር አንዱን ቃል ይዞ አንድም ይህ ነው፣ አንድም ያ ነው እያለ መንገዱን ሁሉ ከፍቶ ሳያይ እንደማይወስን፣ እርሳቸውም ቃሉን ያዙና አንድም ዘይቱ አንሶ፣ አንድም ሶኬቱ ላልቶ፣ አንድም ሽቦው ተቀድዶ፣ አንድም ሴንሰሯ፣ አንድም ኮምፒዩተሩ ይሆናል ብለው፣ ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምረው ወደሚያስወጣው ሄዱ። በመጀመሪያ የዘይት ማጠራቀሚያውን ከፍተው ልኩንና መልኩን አዩ፤ ዘይት ያነሰ እንደ ሆነ አየር ይገባበታል፣ አየር የገባበት ዘይት ግፊቱ ይዋዥቃል፣ ሴንሰሯም እውነተኛውን መዋዠቅ ስለ ተናገረች ሐሰተኛ ትባላለች። ዘይቱ ሙሉና ንጹሕ ነበር። ቀጥለው የሴንሰሯን ሶኬት ነቅለው ውስጡን በባትሪ ብርሃን መረመሩ፤ አንዳንድ ጊዜ ሴንሰሯ ከውስጥ ታፈስና ዘይቱ በሶኬቱ ገብቶ በሽቦው ውስጥ እየሳበ ይሄዳልና ነው። ደረቅ ነበር፤ በጥርሶቹ ላይም ዝገት አልነበረም።

ከዚያ ቴስተራቸውን አወጡ። የኔ መኪና ሴንሰር ባለ ሦስት ሽቦ ነበረች፤ በአንዱ ከኮምፒዩተሩ አምስት ቮልት ይመጣላታል፣ አንዱ መሬት ነው፣ በሦስተኛው ግፊቱን በቮልት ልክ ትመልሳለች፤ በአንዳንድ ሌሎች መኪናዎች ደግሞ ግፊቱ ሲበዛ የምትገናኝ ሲያንስ የምትለያይ ተራ ማብሪያ ብቻ ትሆናለች፣ ለእርሷም የሚበቃው መገናኘቷን መለካት ነው፤ ይህን ሳይለይ የሚለካ መካኒክ ጤነኛውን በሽተኛ ማለቱ አይቀርም። ቁልፉን ከፍተው ሞተሩ ሳይነሣ ሲለኩ አምስቱ ቮልት ሙሉ ነበር፤ መሬቱም ደኅና ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ላይ ሽቦው ጤነኛ ነው ብሎ ይፈርድ ነበር፤ እርሳቸው ግን መኪናው በቆመበት የታመመ አይደለም፣ የታመመው ሲታጠፍ ነው አሉና፣ ሶኬቱን መልሰው ሰክተው፣ ከጀርባው ቀጭን መርፌ አስገብተው፣ ሞተሩን እንዳስነሣ፣ ማቀዝቀዣውን እንዳበራ፣ መሪውንም ቀስ ብዬ እንዳዞር አዘዙኝ። ጥግ ላይ ከአምስት ሰከንድ በላይ እንዳልይዘው አስጠነቀቁኝ፤ ግፊቱ ዘይቱን ያፈላዋል፣ ፓምፑንም ይጎዳዋል።

መሪው ሲዞር ቁጥሩ በቴስተሩ ላይ ከፍ ከፍ አለ፤ ጥግ ሲደርስ ዜሮ ሆነ። መርፌውን ወደ አምስቱ ቮልት ሽቦ አዛውረው እንደገና አዙር አሉኝ፤ እርሱም ጥግ ላይ ጠፋ። ሴንሰሯ ነጻ ወጣች። በሸክም ጊዜ ሞተሩ በመቀመጫው ላይ ጥቂት ያጋድላልና፣ ሲያጋድል የሚጎተተውን የሽቦ እሥር በጣታቸው እየዳሰሱ ተከተሉት፤ ከአንድ የብረት መያዣ ሥር በመፋተግ ብዛት ልባሱ ተልጦ፣ የመዳቡ ክሮች ተበጥሰው፣ ሁለት ሦስት ክር ብቻ የቀረለት ሽቦ አገኙ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ክሮቹ ይነካካሉ፤ ሲያጋድል ይለያያሉ። የምትናገረው ሕዋስ መናገር በሚያስፈልጋት በዚያች ቅጽበት አንደበቷ ይቆረጥ ነበር ማለት ነው። የተጎዳውን ቆርጠው፣ አዲስ ሽቦ በብየዳ ቀጥለው፣ በሙቀት የሚጨማደድ ልባስ አልብሰው፣ ብረቱ ዳግመኛ እንዳይነካው በሌላ መንገድ አሳልፈው አሰሩት። ቁጥሩንም ከኮምፒዩተሩ አጥፍተው፣ በሰፈሩ ዙሪያ አብረን ነድተን፣ በየመታጠፊያው ሞተሩን አዳምጠው፣ መመለሱንና አለመመለሱን በሳምንቱ መጥቼ እንዳሳያቸው አዘዙኝ። አልተመለሰም። የተጠቀሙበት ዕቃ ከአንድ ጀበና ቡና ዋጋ አይበልጥም ነበር።

ዋጋቸውን ስጠይቃቸው የተናገሩት ቃል ግን እስካሁን ይቆረቁረኛል። ሰው ለብረት ይከፍላል እንጂ ለማሰብ አይከፍልም አሉኝ፤ ዕቃ ያልቀየረ መካኒክ ምን ሠራህና ይባላል። እኔም በልቤ እውነታቸውን መሆኑን አወቅሁ፤ ለመጀመሪያው ጋራዥ ሴንሰርና ፓምፕ በእጄ ይዤ ስላየሁ ሳልከራከር ከፍዬ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ በፀሐይ ሙቀት ጎንበስ ብለው ለመረመሩልኝ ሰው ግን ሽቦ ብቻ ነው የቀጠሉት የሚል ሐሳብ ውስጤ ገብቶ ነበርና። ወጣቱ መካኒክ ሳይመረምር ዕቃ የሚነቅለው ምርመራውን የሚገዛው ስላጣ ነው። የሚሸጠውን እንዲሸጥ ያስተማርነው እኛ ነን። የመኪና ባለቤት ሁሉ ወደ ጋራዥ ሲገባ የምርመራውን ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ለይቶ ጠይቆ ቢከፍል፣ ዕቃ ይቀየር ሲባልም በምን ለካኸው፣ ቮልቱ ስንት ነበር፣ መሪው ጥግ ሲደርስ ስንት ሆነ ብሎ ቢጠይቅ፣ የተነቀለውንም አሮጌ ዕቃ ተቀብሎ ቢወጣ፣ የዚህ ልማድ እኩሌታው በአንድ ዓመት ይሻር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ ሥር አለው። የእጅ ሥራን የሚያውቅ ሰው በአገራችን ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ እየተባለ ሲሰደብ የኖረ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ ማዘዛቸው ነውሩ ምን ያህል የሰፋ እንደ ነበረ ያሳያል። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዘመን፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ በረሃ ጀምሮ ነድቶ ባመጣው ጊዜ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ መኪናውና አዋጁ እኩል መጡ፣ መኪናው በዛ፣ የአዋጁ መንፈስ ግን እስከ ዛሬ በሙሉ አልደረሰንም። ስድቡ ቀርቶ ይሆናል፤ የመካኒክን አእምሮ ዋጋ አልባ አድርጎ ጉልበቱንና ዕቃውን ብቻ መተመን ግን የዚያው ንቀት ልጅ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ በካርቱም መካከል ሲፈነዳ እኔ ቀደም ብዬ ከአገሩ ወጥቼ ነበር። የካርቱም ሁለት ምግብ ቤቶች ተዘጉ፣ ነዋሪው ተበተነ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በገላባትና በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ጋሼም በወጣትነታቸው የተሰደዱበትን መንገድ በእርጅናቸው ተመልሰው ተጓዙበት። ከመሣሪያቸው የተረፈው ቴስተሩና ጥቂት መፍቻ ነው፤ የምስክር ወረቀታቸው ከቤታቸው ጋር ቀርቷል። ዛሬ ጎንደር ውስጥ በሰው ጋራዥ በረዳትነት ተቀጥረው መፍቻ ያቀብላሉ። ሦስት ጊዜ ዕቃ ተቀይሮለት መብራቱ ያልጠፋ መኪና ሲመጣ ግን ወጣቶቹ እርሳቸውን ይጠራሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ደመወዙ በዋናው መካኒክ ስም ይጻፋል።

እንደ እርሳቸው ያለው ከካርቱም፣ ከቤይሩት፣ ከጅዳ የተመለሰ ባለሙያ ብዙ ነው። በአገራችን የሙያ ብቃት ምዘና የሚባል ሥርዓት አለ፤ የምለምነው ይህ ሥርዓት ወረቀታቸው በጦርነትና በስደት የጠፋባቸውን ሰዎች ፈልጎ እንዲያገኛቸው፣ ክፍያውንም እንዲያቀልላቸው ነው። ፈተናው የዕውቀታቸው ልክ በሚታይበት ቦታ ይሁን። መብራቱ የበራ መኪና ይቅረብላቸው፣ ኮፈኑ ይከፈት፣ ሁለት ሰዓት ይሰጣቸው፤ ፈታኙም አጠገባቸው ቆሞ፣ ዕቃ ከመንቀላቸው በፊት ምን እንደ ለኩና ለምን እንደ ለኩ ይጠይቃቸው።